የመጨረሻው ዕጣ ለኔ ደረሰኝ፦ የዕቁቤን ብር ማን በላው?

መርፌና ክር፦
ሰላም ቤቶች። እዚህ ሁሌ አነባለሁ እንጂ ጽፌ አላውቅም። ዛሬ ግን አላስችል ብሎኝ ነው።

ሃያ ሰው ሆነን በወር 5,000 ብር ዕቁብ ገባን። የጀመርነው መጋቢት 2016 ነው። ዕጣ የወጣለት 100 ሺህ ብር ይወስዳል። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ሰው ቤት ተቀጥሬ ነው የምሰፋው። ሐሳቤ ቀጥ ሰፊ ማሽንና ኦቨርሎክ ገዝቼ የራሴን ሥራ ልጀምር ነበር። ያኔ ዋጋ ጠይቄ ሁለቱን በ92 ሺህ ብር እንደማገኝ ደብተሬ ላይ ጽፌ አስቀምጫለሁ።

ዕጣዬ ሳይወጣ፣ ሳይወጣ፣ ጥቅምት 2018 መጨረሻ የቀረሁት እኔው ሆንኩ። ብሩን ይዤ ያው ሱቅ ሄድኩ። ሁለቱ ማሽን 170 ሺህ። ሰውዬው በትህትና «ለጊዜው አንዷን ውሰጂ» አለኝ። ደብተሬን አሳየሁት። አይቶ ሳቀ፣ ግን በክፋት አልነበረም።

የመጀመሪያው ዕጣ የደረሰው አንድ የሚኒባስ ሹፌር ነው። ያኔ ሞተሩን አሳድሶ፣ ጎማ ቀይሮ፣ የተረፈውን ለቤት ኪራይ ከፍሏል። እኩል 100 ሺህ ከፈልን፣ እኩል 100 ሺህ ወሰድን። ታዲያ የኔን ማን በላው? ደግሞ በሬዲዮ ግሽበት ቀነሰ ሲሉ እሰማለሁ። የቱ ነው የቀነሰው?

ምን አገባኝ፦
እህቴ፣ ዕቁብ ላይ መጨረሻ መውጣት ማለት ቡና ላይ በረካ መድረስ ማለት ነው። ስሙ ያምራል፣ ሲኒው ውስጥ ያለው ግን ውኃ ነው። ሹፌሩ አቦሉን ጠጣ።

ሒሳብ ሹም፦
ምን አገባኝ ቀለደ እንጂ ነገሩን መትቶታል። ዕቁብ እኮ ብድር ነው። ወለድ የሌለው ብድር። የመጀመሪያው ዕጣ የወጣለት ሰው ከአሥራ ዘጠኛችሁ ተበድሯል። ከዚያ በየወሩ 5,000 እየከፈለ ዕዳውን ይመልሳል። መጨረሻ የወጣለት ሰው ደግሞ ለሁሉም ሲያበድር የቆየ ነው። ዋጋ ባይንቀሳቀስ ኖሮ ልዩነቱ የትዕግሥት ብቻ ይሆን ነበር። ዋጋ ሲጨምር ግን ተበዳሪው የወፈረ ብር ወስዶ የከሳ ብር ይመልሳል።

በማሽን ከተመነዘረ የአሁኑ 100 ሺህሽ የዚያን ጊዜ 54 ሺህ ገደማ ነው። 46 ሺህ የሚሆነውን ማንም ከኪስሽ አልሰረቀም። አንቺ ሳታውቂ ቀድመው ለወጡት ሰጠሻቸው፣ እነሱም ሳያውቁ ተቀበሉ። ሹፌሩ ላይ አትፍረጂ፣ ዕጣ ነው።

ዕቁብ ብቻ አይደለም። ባንክ ያስቀመጠም እንዳንቺው ነው። ከ2010 መጀመሪያ ጀምሮ ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ ነው። ግንቦት 2014 ላይ የዓመቱ ግሽበት 37 በመቶ ደርሶ ነበር። አንድ ዓመት ቀድመሽ 100 ብር አስቀምጠሽ ቢሆን 107 ትወስጃለሽ፣ የመግዛት አቅሙ ግን የ78 ብር ያህል ነው። ባንኩ ወለድ ከፈለኝ ብለሽ ታመሰግኛለሽ፣ ወጪው ያንቺ ሆኖ።

የጉለሌው፦
ይሄ ሁሉ ሒሳብ ምን ያደርጋል? ችግሩ ነጋዴው ነው። ዶላር ጨመረ ሲባል በዚያው ቀን ይጨምራል፣ ቀነሰ ሲባል «የድሮ ዕቃ ነው» ይላል። ያንን ማሽን የሸጠላት ሰውዬ መጋዘኑ ውስጥ አስቀምጦት የቆየ ዕቃ ላለመሆኑ ማን ማስረጃ አለው?

ባለሱቁ ከመርካቶ፦
የጉለሌው ወንድሜ፣ ስድቡን ለምደነዋል። ግን አንድ ነገር ልንገርህ።

እኔ የቤት ዕቃ ነው የምሸጠው። አንድ ብረት ድስት በ1,000 ገዝቼ በ1,200 ሸጥኩ እንበል። 200 አተረፍኩ ብዬ ምሳ በላሁበት። ማግስቱን ያንኑ ድስት ልገዛ ጅምላ አከፋፋዩ ጋ ስሄድ 1,300 ሆኗል። ታዲያ አትርፌያለሁ ወይስ ከስሬያለሁ? መደርደሪያዬ ላይ አሥር ድስት ነበረ፣ አሁን ዘጠኝ ነው የምሞላው። ነጋዴ ዋጋ የሚያወጣው በገዛበት አይደለም፣ መልሶ በሚገዛበት ነው። ይህን ያልገባው ብዙ ወጣት ነጋዴ «እያተረፍኩ ነው» እያለ ሱቁን ዘጋ።

የሚደብቅ የለም አልልም። አለ። አውቃቸዋለሁም። ግን መደበቅ የሚያዋጣው ዋጋ ነገ ይጨምራል ተብሎ ሲታመን ነው። ዋጋ በማይንቀሳቀስበት አገር ዕቃ ደብቆ መቀመጥ የመጋዘን ኪራይ መክፈል ብቻ ነው። ስስት ዛሬ አልተፈጠረም። ነጋዴው በ1990ም ያው ነጋዴ ነበር።

አሮጌ ባንከኛ፦
ልጆች፣ ጡረታ ወጥቼ ቤት ነው የምውለው፣ ስለዚህ ብዙ ብጽፍ ታገሡኝ።

መጀመሪያ ሒሳብ ሹምን ትንሽ ላርም። የማሽን ዋጋ መጨመር ለብቻው ግሽበት አይባልም። የአንድ ዕቃ ዋጋ በብዙ ምክንያት ይወጣል። ግሽበት የሚባለው የጠቅላላው ዘንቢል ዋጋ ሲያድግ ነው፤ ጤፉም፣ ኪራዩም፣ ታክሲውም፣ ሻማውም። የስታቲስቲክስ አገልግሎት በየወሩ ገበያ እየወጣ የሚለካው ያንን ነው። ማሽኑ ግን ከውጭ የሚገባ ዕቃ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲመነዘር ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። ማሽንሽን ካስወደዱት ነገሮች አንዱ ይኸው ነው። ከዘንቢሉ በላይ ሮጧል።

ሁለተኛ፣ «ቀነሰ ይላሉ» ላልሽው። ግሽበትና ኑሮ ውድነት አንድ አይደሉም። ግሽበት ፍጥነት ነው። መኪና ከ100 ወደ 40 ፍጥነት ቢወርድ ወደ ኋላ እየሄደ ነው አንልም። 100 ብር የነበረ ነገር በአንድ ዓመት 30 በመቶ ጨምሮ 130 ሆነ። በሚቀጥለው ዓመት ግሽበቱ ወደ 13 በመቶ ቢወርድ ዋጋው 147 ገደማ ይሆናል። ዜናው «ግሽበት ከግማሽ በላይ ቀነሰ» ይላል። አልዋሸም። እናትሽ ደግሞ ገበያ ሄዳ 147 ትከፍላለች። እሷም አልዋሸችም። ኑሮ የሚቀለው ደመወዝ 147ቱን ሲደርስበት ነው። ዋጋ ወደ 100 ይመለሳል ብሎ የሚጠብቅ ሰው ካለ አይጠብቅ። አይመለስም።

ወደ መነሻው ስንመጣ፣ የኛ አገር ግሽበት ጉዳይ አንድ መልስ የለውም። በ2000 ዓ.ም. ክረምት 60 በመቶ አልፎ ነበር። ያኔ የዓለም የእህልና የነዳጅ ዋጋ ጣራ ነክቶ ነበር፣ አገር ውስጥም ብድርና ግንባታው ጦፎ ነበር። በ2003 እንደገና ወደ 40 በመቶ ወጣ። ከዚያ በኋላ ጦርነቱ፣ ድርቁ፣ የዩክሬን ስንዴ፣ ከ2014 ማብቂያ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ የተነሣው የነዳጅ ድጎማ አለ። በኛ ዘንቢል ውስጥ ምግብ ከግማሽ በላይ ነው። ዝናብ ሲቀር ብሔራዊ ባንክ ምንም ቢያደርግ ጤፍ ይወደዳል።

ግን ከሥር የማይጠፋ አንድ ነገር ነበረ። መንግሥት በጀት ሲጎድለው ከብሔራዊ ባንክ በቀጥታ ይበደር ነበር። ያ ማለት አዲስ ብር መፍጠር ነው። እኔ ባንክ እያለሁ ደግሞ ከ2003 እስከ 2012 የግል ባንኮች ካበደሩት አዲስ ብድር ላይ 27 በመቶውን ያህል የብሔራዊ ባንክ ቢል፣ ማለትም የብድር ሰነድ፣ እንዲገዙ ይገደዱ ነበር። ወለዱ መጀመሪያ 3 በመቶ ነበር፣ በኋላ 5። ባንኩ ለአስቀማጭ ቢያንስ 5 እየከፈለ በ3 ያበድራል! ሒሳቡን ስሠራ ራሴን ይዤ እቀመጥ ነበር። መርፌና ክር ልጄ፣ ያ ሁሉ ዕቁብ ነው። የአገሩን ዕጣ መጀመሪያ የሚያወጣው መንግሥት ነበር፣ መጨረሻ የሚቀረው አስቀማጩ።

መርፌና ክር፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ አሁን ገባኝ። እኔ አስቀማጭ መሆኔን እንኳ አላውቅም ነበር። ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። መንግሥት ለምን በቃ «ዘይት በዚህ ዋጋ፣ ማሽን በዚህ ዋጋ» ብሎ አይቆርጠውም?

አሮጌ ባንከኛ፦
ተቆርጦ ነበር እኮ። በ2003 ዓ.ም. ከደርዘን በላይ ዕቃ ላይ ጣሪያ ወጣ። ስኳር፣ ዘይት፣ ሥጋ፣ ፓስታ፣ ቢራ ሳይቀር።

የሆነውን በዓይኔ ያየሁትን ልንገርሽ። ሰፈራችን ያለው ሱቅ መደርደሪያ ላይ ዘይት ጠፋ። ባለቤቴ ልጁን «ዘይት የለህም?» ስትለው ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። አመሻሹ ላይ በጓሮ በር ከሄድሽ አለ፣ ዋጋው ግን የጓሮ ዋጋ ነው። ከዚያ ሸማቾች ማኅበር በር ላይ ሰልፍ። ጀሪካኑ ይሰለፋል፣ ሰዉ ጥላ ሥር ይቀመጣል። ጥቂት ወራት ቆይቶ አብዛኛው ዕቃ ላይ ጣሪያው ተነሣ። ጥቂቱ ብቻ ቀረ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ነው እንግዲህ ግሽበቱ 40 በመቶ የደረሰው። ቴርሞሜትሩን ማቀዝቀዝ ትኩሳት አያወርድም።

ቨርጂኒያው፦
እኛም ጋ ቀምሰነዋል። ሰኔ 2022 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ግሽበት 9.1 በመቶ ሲገባ እዚህ ሰው አገር የፈረሰ ነው ያስመሰለው። በ40 ዓመት ውስጥ ከፍተኛው ነበር። አገር ቤት ደውዬ 9 በመቶ ደረሰ ስላት እናቴ «በወር ነው?» አለችኝ።

ግን የሕመሙ ልዩነት ቁጥሩ ብቻ አይደለም። እዚህ በሚለካው ዘንቢል ውስጥ ምግብ ከ15 በመቶ በታች ነው። አንድ ሰው ዕንቁላል ተወደደ ብሎ ይነጫነጫል እንጂ ቁርስ አይዘልም። አገር ቤት ምግብ ሲወደድ የሚቀነሰው ከገበታው ነው።

እዚህ ማዕከላዊ ባንኩ ያደረገው ወለድ መስቀል ነው። መጋቢት 2022 ዜሮ አካባቢ የነበረውን በአንድ ዓመት ከምናምን ውስጥ ከ5 በመቶ በላይ አደረሰው። የቤት ብድር ወለድ ከ3 ወደ 8 በመቶ ተጠጋ። እኔ ቤት ልገዛ ቅድሚያ ክፍያ አጠራቅሜ ነበር። ወርሃዊ ክፍያውን ሳሰላው ተውኩት። ሥራው እንዲህ ነው፦ እኔ ቤቱን ተውኩ፣ ሌላው መኪናውን ተወ፣ ኩባንያው ቅጥሩን ተወ፣ ገበያው ቀዘቀዘ። ቁጥሩ ወረደ። እኔ አሁንም ተከራይ ነኝ።

ባለሱቁ ከመርካቶ፦
እኛ ጋ ግን ወለድ ያን ያህል አይነካም። ስንቱ ሰው ነው ከባንክ ተበድሮ ቤት የሚገዛ? ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 2016 የፖሊሲ ወለድ 15 በመቶ ብሎ አዲስ አሠራር ጀመረ፣ ጥሩ። እኔን የነካኝ ግን እሱ ሳይሆን ከነሐሴ 2015 ጀምሮ የመጣው የብድር ጣሪያ ነው። ባንኮች በዓመት ብድራቸውን ከ14 በመቶ በላይ እንዳያሳድጉ ተባለ። በኋላ ወደ 18 ላላ።

ብድሬ ጸድቆ፣ ፈርሜ፣ የሱቄን ካርታ አስይዤ፣ ብሩ አልተለቀቀም። በየሳምንቱ እሄዳለሁ። ልጅቷ በትህትና «ጣሪያው ሞልቷል፣ የሚቀጥለው ሩብ ዓመት ይሞክሩ» ትለኛለች። ያንን ዓመት ከአራጣ አበዳሪ እንዳልገባ ስንት ጸለይኩ። እና ግሽበት ሲወርድ በነጻ አይደለም የሚወርደው። የሆነ ሰው ብድር ይከለከላል፣ የሆነ ሰው አይቀጠርም።

የጉለሌው፦
ይኸው! ነጋዴ ወለድም ሲጨምር ዋጋ ላይ ነው የሚጥለው። ስለዚህ ወለድ መጨመር ራሱ ግሽበት ነው። ወለድ ቢቀንሱልን ዋጋ ይቀንስ ነበር።

አሮጌ ባንከኛ፦
ልጄ፣ ሐሳብህ አዲስ አይደለም። ቱርክ ላይ በተግባር ተሞክሯል። ፕሬዚዳንት ኤርዶዋን ልክ አንተ እንዳልከው «ወለድ ነው ግሽበትን የሚወልደው» ብለው ያምኑ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 መስከረም 19 በመቶ የነበረው ወለድ መውረድ ጀመረ፣ እስከ 8.5 ድረስ። ጥቅምት 2022 ላይ ግሽበቱ 85 በመቶ አለፈ። ሊራው ወደቀ። ከምርጫው በኋላ ተመልሰው ወለዱን መጋቢት 2024 ላይ 50 በመቶ አደረሱት።

የተናገርከው ለአንድ ነጋዴ እውነት ነው፣ የብድር ወለድ ወጪ ነው። ለአገር ሲሆን ግን ርካሽ ብድር ያገኘው ሁሉ በአንድ ጊዜ ለመግዛት ይወጣል። ብሩ በዝቶ ዕቃው ያው ሲሆን ዋጋው ነው የሚንረው።

ባለሱቁ ከመርካቶ፦
ይሄን እኔም እመሰክራለሁ። ኢስታንቡል ዕቃ ላመጣ ስመላለስ ነበር። ሱቅ ውስጥ ዋጋ የሚጻፍበት ወረቀት ሁለት ሦስት ጊዜ ተለጣጥፎ አይቻለሁ። እኛ በዶላር ስለምንገዛ መጀመሪያ ረከሰልን። ከዚያ ሻጩም ነቃ፣ «በዶላር ንገረኝ» ማለት ጀመረ። ሰው የራሱን ብር ለመጥራት ሲያፍር ነገሩ ያበቃለታል።

ምን አገባኝ፦
«ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል።» ለሊራም ለብርም ይሠራል። ለነገሩ አሞሌ ጨው ገንዘብ በነበረበት ዘመን ቢያንስ ገንዘብህ ሲረክስ ወጥ ውስጥ ትጨምረዋለህ። 200 ብሯን ምን ላድርጋት?

የሻርጃዋ፦
እኔ ሻርጃ ሰው ቤት ነው የምሠራው። ለእናቴ በወር 500 ድርሃም እልካለሁ። ብር ከመለቀቁ በፊት በባንክ ስልክ 7,800 ብር አካባቢ ነበር የሚደርሳት። ጥቁር ገበያው እጥፍ ገደማ ይሰጥ ነበርና እውነቱን ልናገር፣ ብዙዎቻችን በባንክ አንልክም ነበር። ከተለቀቀ በኋላ የባንኩ ራሱ ከእጥፍ በላይ ሆነ። ደስ አለኝ። እማዬን ስደውልላት «ብሩ በዛ ልጄ፣ ዘንቢሉ ግን ያው ነው» አለችኝ።

ጋሼን ልጠይቅዎ፣ ዶላር ከእጥፍ በላይ ሲሆን ዋጋ ሁሉ እጥፍ ይሆናል ብዬ ፈርቼ ነበር። እንደዚያ ለምን አልሆነም?

አሮጌ ባንከኛ፦
ጥሩ ጥያቄ ነው ልጄ። ግማሹን ራስሽ መልሰሽዋል። ብዙ አስመጪ ዶላሩን የሚያገኘው ከጥቁር ገበያ ስለነበር ዋጋውን ቀድሞ በዚያ አስልቶ ጨርሷል። በባንክ ዋጋ ይገቡ የነበሩት ነዳጅ፣ ማዳበሪያ፣ መድኃኒት የመሳሰሉት ናቸው፣ እነሱ ላይ ደግሞ መንግሥት ለጊዜው ድጎማ አደረገ። ዋናው ግን ያ ቅድም ያልኩት የአዲስ ብር ቧንቧ መዘጋቱ ነው። በ2017 በጀት ዓመት መንግሥት ከብሔራዊ ባንክ በቀጥታ መበደሩን አቆመ። ብሩ በአንድ በኩል ሲረክስ በሌላ በኩል አዲስ ብር ቢፈስ ኖሮ የፈራሽው ይደርስ ነበር። በሐምሌ 2016 ከ18 በመቶ በላይ የነበረው ግሽበት በዓመቱ ከ14 በታች ነበር። ይህን ስል ለማንም ጠበቃ ልሁን ብዬ አይደለም። የጡረታ አበሌ ከዘንቢሉ ጋር እየሮጠ አይደለም፣ እኔም የማውቀው ጤፍ ሻጯ ፊት ስቆም ነው።

አወያይ፦
ሁለት አስተያየት አንሥቻለሁ። ብሔር ውስጥ የምትገቡ ሰዎች እባካችሁ። እዚህ የምናወራው ስለ ማሽን ነው።

ሒሳብ ሹም፦
የጋሼን እርማት ተቀብያለሁ። አሁን ወደ ዕቁቡ እንመለስ፣ ልጅቷ መፍትሔ ትፈልጋለች።

አንደኛ፣ ሃያ ወር በጣም ረጅም ነው። ዐሥር ሰው ሆናችሁ 10,000 ክፈሉ፣ ወይም በየሁለት ሳምንቱ አድርጉት። ብሩ ያው 100 ሺህ ነው፣ የመጨረሻው ሰው ግን ግማሽ ጊዜ ነው የሚጠብቀው። ሁለተኛው ትንሽ ያከራክራል፦ መዋጮው በየስድስት ወሩ ይጨምር። መጀመሪያ 5,000፣ ከዚያ 5,500፣ ከዚያ 6,000። ዘግይቶ የሚወጣለት ሰው ወፈር ያለ ይወስዳል። ቀድሞ የወሰደውም ዕዳውን ጨመር አድርጎ ይመልሳል። ወለድ አትበሉት ካላችሁ «ማካካሻ» በሉት።

ባለሱቁ ከመርካቶ፦
ቀድሞ የወጣለት ሰው ሁለተኛው ጭማሪ ላይ ስልኩን ያጠፋል። ዋስ ጠንካራ ካልሆነ አይሠራም። መርካቶ ግን ሌላ መንገድ አለ። ዕጣ የወጣለት ሰው ካልቸኮለ ለቸኮለው ይሸጥለታል። የቸኮለው ጥቂት ሺህ ይቀንሳል፣ የቆየው ያንን ይወስዳል። ዋጋው ራሱ ሰዉ ስለ ነገ ምን እንደሚያስብ ይነግርሃል። ዋጋ በጦፈበት ጊዜ ዕጣ መግዣው ይንር ነበር፣ ሰሞኑን ቀዝቀዝ ብሏል። እኔ የግሽበት ቁጥር የማየው ከዚያ ነው።

ምን አገባኝ፦
ብሔራዊ ባንክ ይህን ልጅ ይቅጠረው።

መርፌና ክር፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለጊዜው ኦቨርሎኳን ገዛሁ፣ 93 ሺህ። ቀጥ ሰፊዋን ከቀጣሪዬ ዕረፍት ቀን እየተከራየሁ እሰፋለሁ።

ትናንት እሁድ አዲሱን ዙር ለመጀመር ተሰበሰብን። ደብተሬን ይዤ ሄጄ ሁለቱን ዋጋ ለሰው ሁሉ አሳየሁ። መጀመሪያ ዝም አሉ። ከዚያ የዕቁቡ ዳኛ፣ ትልቅ ሰው ናቸው፣ «እኔ 18ኛ ነበርኩ፣ ቆርቆሮ ልገዛ አስቤ ግማሹን ነው የገዛሁት፣ አፍሬ ነው ያልተናገርኩት» አሉ። ሌላዋ ደግሞ 16ኛ ነበረች። ሁላችንም አንድ ነገር ደርሶብን ለየብቻ ዝም ብለን ነበር።

ዐሥር ዐሥር ሆነን ለሁለት ተከፈልን። መዋጮ መጨመሩን ግን ግማሹ እምቢ አለ፣ «ዕቁብ ወለድ የለውም» ብለው። እሱ ላይ አልገፋሁም። ሹፌሩ ከኔ ቡድን ነው። ዕጣው ከመውጣቱ በፊት ብድግ ብሎ «የኔ ስም መጨረሻ ይሁን፣ ባለፈው አቦሉን ጠጥቻለሁ» አለ። ይህን ክር አንብቦት ይሁን አላውቅም።

ዕጣው ወጣ። አራተኛ ነኝ።